ከ9:30 እስከ 11:30 ልጁ የት ነው?

ልጇን ብቻዋን እያሳደገች ቢሮ የምትውል ሴት ዋና ባለታሪክ የሆነችበት ቀለል ያለ የፍቅር ልብ ወለድ እጃችሁ ከገባ፣ ከመጀመሪያዎቹ 30 ገጾች ውስጥ አንድ ነገር ፈልጉ። መዋዕለ ሕፃናቱ 9:30 ላይ ይለቃል፤ እናትየዋ እስከ 11:30 ቢሮ ናት። በመሀል ልጁ የት ነው?

ጎረቤት ጋ ከሆነ ጎረቤቲቱ ማን ናት? በወር ይከፈላታል ወይስ በውለታ ነው? ሠራተኛ ካለች የማታ ትምህርት የምትሄደው በስንት ሰዓት ነው? አያት ከሆኑ ደረጃውን በጉልበታቸው ይችሉታል? ይህን የመለሰ ደራሲ ያስቃችኋል። ያልመለሰው ገጽ 80 ላይ ያስተኛችኋል፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ታሪክ እንቅፋት ክፉ አማት ወይም የተደበቀ ደብዳቤ ሳይሆን ሰዓት ነው። ሰዓቱ ካልተቆጠረ እንቅፋት የለም፣ እንቅፋት ከሌለ ሁለቱ ሰዎች ለምን በሁለተኛው ሳምንት እንዳልተጋቡ አይገባንም።

አማርኛ አንባቢ ሳቅ ያለበትን የፍቅር መጽሐፍ ትንሽ እያፈረ ነው የሚያነበው። አይፈረድበትም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ መጨረሻውን ርእሱ ላይ ነው ያስቀመጠው፦ ፍቅር እስከ መቃብር። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ፍቅርንና እንባን ለይቶ ማየት ይከብደዋል። ቀላል ልብ ወለድ ግን ሸክም የሌለበት ማለት አይደለም። እንዲያውም ሸክሙ በኪሎ የሚመዘንበት ነው። ባለታሪኳ “በጣም ደክሟት ነበር” ሲባል ማንም አይስቅም። በአንድ እጇ የልጁን ቦርሳ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዛ ስልኳ ሲጮኽ በአገጯ ለማንሣት ስትሞክር ግን እንስቃለን፣ እናዝናለንም።

ስለ ስሟ አንድ ነገር። ጋዜጠኞች “ነጠላ እናት” ይላሉ። ትከሻ ላይ የሚጣለውን ነጠላ ስለሚያስታውስ ይሁን እንጃ፣ ቃሉ በሰው አፍ ብዙም አልገባም። ሰፈር ውስጥ የሚባለው “ብቻዋን ነው የምታሳድገው” ነው። በንግግር መሀል አንዲት ጎረቤት “ነጠላ እናት ስለሆነች” ስትል ካገኛችሁ፣ ደራሲው ጋዜጣ እንጂ ጎረቤት አላዳመጠም።

ሒሳቡን እንሥራው። ቤቷ አራት ኪሎ ጀርባ፣ ቢሮዋ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው እንበል። ከሌሊቱ 11:30 ትነሣለች። ምሳ ዕቃ፣ ዩኒፎርም፣ የጠፋች አንዲት ካልሲ። 1:15 ላይ ከቤት ይወጣሉ፣ 1:45 የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ናቸው። ከዚያ ታክሲ፤ 2:30 ቢሮ ገብታ ፊርማ። ማታ 11:30 ትወጣለች፣ ሰልፉና መንገዱ 45 ደቂቃ ቢፈጅ 12:15 ላይ ልጁን ትቀበላለች። እራት፣ ገላ፣ ተረት፤ 2:30 ላይ ልጁ ቢተኛላት፣ ዕቃ ማጠቡና የነገውን ማሰናዳቱ አንድ ሰዓት ተኩል ይበላል። 4:00 ሆነ ማለት ነው። 4:30 ላይ ካልተኛች በነጋታው አትነሣም። የራሴ የምትለው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው፤ በአምስት የሥራ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል። የፍቅር ታሪኩ መግባት ያለበት እዚህች ውስጥ ነው።

ስለዚህ ማክሰኞ ማታ በሻማ ብርሃን ሦስት ሰዓት የሚቆይ እራት ካነበባችሁና ልጁ በአንድ ቃል እንኳ ካልተነሣ፣ ያ ትዕይንት ከሌላ አገር መጽሐፍ ተነቅሎ የመጣ ነው። ሌላም ምልክት አለ። “ከጠዋቱ 8 ሰዓት ላይ ቢሮ ደረሰች” የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ፣ ሰዓቱ ሳይቀየር የተተረጎመ ነው። ይህ ስሕተት በእርማት ታልፎ ከታተመ፣ ሌላው ነገርም ታልፏል።

ብልህ ደራሲ ሁለቱን ሰዎች ያለውን ጊዜ በመቆራረስ ያገናኛቸዋል፤ የቆመ ሊፍት ውስጥ፣ ማኅተም ያዡ እስኪመጣ በሚጠበቅበት ወንበር ላይ፣ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ በታክሲ ሰልፍ ላይ። ሰልፍ ለዚህ ዓይነት ታሪክ በጣም ይመቻል። ሁለቱም ቆመዋል፣ ሁለቱም መሄድ አይችሉም፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ፤ ወያላው መጥቶ “አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!” ብሎ እስኪጮኽ ድረስ። ያን ጊዜ ማን ይገባል? እሱ ቦታውን ቢለቅላት ጨዋነት ነው፣ ግን ይለያያሉ። ሁለቱም ቢቀሩ ልጁ ይጠብቃል። በአንድ የሚኒባስ ወንበር ሦስት ገጽ ውጥረት ይወጣል።

ባለታሪኳ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ዓርብ አለላት። ለጁምዓ ሶላት ሲባል የዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ሁለት ሙሉ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን፣ ልጁ ትምህርት ቤት እያለ! ይህን ሳይጠቀም ያለፈ ደራሲ አዲስ አበባን በሚገባ አልኖረባትም እላለሁ። እሱ ሙስሊም ከሆነ ሰዓቱ ለሶላት የተሰጠ ነውና የሚተርፈው ግማሹ ነው፤ ይህም ራሱ ለታሪኩ ጥሩ ጥድፊያ ይሆነዋል። ሁለቱም የሚጾሙ ኦርቶዶክሶች ከሆኑ ትሪው ላይ የሚቀርበው በያይነቱ ነው። በዓለ ሃምሳ ካልሆነ በቀር እነዚህ ሰዎች ዓርብ ቀን ክትፎ ካዘዙ መጽሐፉን መልሱት። ከአንድ ትሪ መብላት ደግሞ ጉርሻ ያመጣል። “አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ጉርሻ ያፋቅራል” ይባል የለ? እንግዲህ አስቡት፤ የመጀመሪያዋን አጉርሷታል፣ ሁለተኛዋን እየጠቀለለ ሳለ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ስልክ ይደወላል፤ ልጁ ሽንብራ አፍንጫው ውስጥ ከትቷል። ሁለተኛዋ ጉርሻ እጁ ላይ ቀረች። እስክትጎረስ ድረስ 60 ገጽ ማስጠበቅ ይቻላል።

አሁን የዚህ ንባብ ትልቁ ደስታ ወዳለበት እንምጣ፤ አንቺና እርስዎ።

በእንግሊዝኛ አለቃም ፍቅረኛም የሚጠሩበት ቃል አንድ ነው። በእኛ ቋንቋ ግሡ ራሱ ያጋልጣል፤ ወይ “ተቀመጪ” ነው ወይ “ይቀመጡ”። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ እድሜያቸው ከሠላሳ ያለፈ ሁለት ሰዎች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ያላቸውን ርቀት ይናገራሉ። ስለዚህ በአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ ከመሳም በፊት የሚመጣ ትልቅ ክስተት አለ፤ ከእርስዎ ወደ አንቺ መሻገር። ይህ በየትኛው ገጽ እንደሆነ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሳይታወቅ ካለፈ ደራሲው ወርቁን ረግጦ ሄዷል።

በመሀል አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ሁላችንም በየቀኑ የምንሸሽባት። አንቱ ለማለት የሚያንስ፣ አንቺ ለማለት የሚያስፈራ ሰው ሲገጥመን አድራጊውን ከዐረፍተ ነገሩ እንሰውረዋለን። አስተናጋጁ “ምን ይታዘዝ?” ይላል። ጎረቤት “ወዴት ነው?” ይላል። “ቡና ይጠጣል?” ይባላል፤ ማን እንደሚጠጣው ሳይነገር። በዚህች ቀዳዳ ውስጥ የፍቅር ታሪክ ምን ያህል እንደሚሄድ ለማሳየት ይህችን ለምሳሌ ያህል ጻፍኩ፤ ቦታው የመዝገብ ቤት መስኮት ነው።

— ፋይሉ ደርሷል?
— ደርሷል።
— ዛሬ ይፈረማል?
— ይፈረማል።
— ቡናስ ይጠጣል?
እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ሳታነሣ፣
— ማን ነው የሚጠጣው?
— …አንቺ።

አምስቱ የመጀመሪያ መስመሮች ማንንም አልጠሩም። ስድስተኛው መሸሸጊያውን ዘጋው፤ መርጦ መናገር ግድ ሆነበት። እሷም ብትሆን ጥያቄውን የጠየቀችው የምትጠጣው ማን እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። ይኸው ትዕይንት “ቡና ልጋብዝሽ እፈልጋለሁ” በሚል ቢጀመር በአንድ መስመር ያልቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ እርስዎ መመለስ መሣሪያ ይሆናል። አኩርፋ ሳለ “ይቅርታ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም” ብትለው ከስድብ ይከፋል፤ አንባቢ ግን እስከ ጆሮው ይስቃል። ስሕተት የሚሆነው ገጽ 20 ላይ “አንቺ”፣ ገጽ 24 ላይ ያለ ምንም ጠብ “እርስዎ” ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ የረሳው ገጸ ባሕርይው ሳይሆን ደራሲው ነው። ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ከሆኑ ደግሞ ገና ሲተዋወቁ “አንቺ” ስለሚባባሉ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ውጥረቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት ያስፈልጋል።

የማዕረጉም ነገር እንዲሁ ነው። የወለደች፣ ግን ያላገባች ሴት ወይዘሮ ናት ወይስ ወይዘሪት? የበር ጥበቃው ወይዘሮ ይላታል፣ የደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ወይዘሪት ተብላለች። አዲሱ የሥራ ባልደረባ ግራ ተጋብቶ ቢጠይቃት “እንደ ሰዓቱ ነው” ብትለው፣ በሦስት ቃል ማንነቷን አወቅነው ማለት ነው።

ልጁን በተመለከተ አንድ ሕግ ይበቃል፤ ያቋርጥ። የልጅ ሥራ በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ማቋረጥ ነው፤ ቢያንስ በየ15 ገጹ። የአራት ዓመት ልጅ “እማዬ፣ ልብሽን አድምጪ” አይልም። የአራት ዓመት ልጅ ሊፍቱ ለምን እንደቆመ ስድስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሰባተኛውን ሰውየውን ይጠይቀዋል። እንግዳውን መጀመሪያ “ጋሼ” ይለዋል፣ ቀጥሎ በስሙ ይጠራዋል። ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት “አባዬ” ካሰኘው ደራሲው ቸኩሏል። እናትየዋ ልጇን ስታቆላምጥ ወንዱን “ነይ” ብትለው ግን አትደንግጡ፣ የአማርኛ ፍቅር ፆታ ያምታታል። አራሚዎች እንደ ፊደል ግድፈት ቆጥረው እንዳያስተካክሉት እሰጋለሁ።

ሰውየውስ? ብዙ መጽሐፎች የሚሞቱት እዚህ ነው። ትልቅ መኪና ያለው ሰው መጥቶ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፍላል፣ ሹፌር ይመድባል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። ጥሩ ሰው ነው እንበል። ግን ገንዘብ የሰዓቱን ሒሳብ በአንድ ምዕራፍ አጠፋው፤ የሚያስቀን ነገርም አብሮ ጠፋ። የሚሻለው ሰዓት የሚያመጣ ሰው ነው፤ 11:35 ላይ ሰልፍ ይዞላት የሚጠብቅ፣ የምሳ ዕቃው ክዳን እንዴት እንደሚገጠም የተማረ፣ ልጁ መኪና ውስጥ ሲያስመልስ መስኮት መክፈት የሚያውቅ።

ገንዘብ ግን በቁጥር መታየት አለበት። ለምሳሌ እቁብ፤ 10 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል ዕጣው 20,000 ብር ነው፤ የእሷ ተራ መቼ ይወጣል? የትምህርት ቤት ምዝገባ ሳይዘጋ ነሐሴ ላይ ከደረሳት አንድ ታሪክ ነው፣ ጥቅምት ላይ ከደረሳት ሌላ። በመሀል ጳጉሜን አለች፤ ቤቱ አምስት ቀን ሙሉ ይበላል፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፣ ደመወዝ ግን የለም። በማግስቱ እንቁጣጣሽ! ይህን አምስት ቀን ብቻ ይዞ 200 ገጽ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ እኔ ገዢ ነኝ።

ወጡም በሰዓት ይለካል። 12:15 ላይ ቤት የገባች ሴት 1:00 ላይ ዶሮ ወጥ ካቀረበች ውሸት ነው፤ ሽንኩርቱ ብቻ ከዚያ በላይ እሳት ላይ ይቆያል። ሽሮ ይደርሳል።

የልጁ አባት ያለ ወይም የሌለ መሆኑ ቶሎ ይነገር፤ ሁለት ትዕይንት ይበቃዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅ ለልጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት የሚለው ቃል ቢነሣ ያስኬዳል። በየምዕራፉ እየመጣ የሚጮኽ አባት ግን መጽሐፉን ወደ ሌላ ዘውግ ይወስደዋል። ታሪኩ ከወሊድ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ ነው። ሕፃኑን ታቅፋ ስድስት ወር ከደመወዟ ጋር ቤት የምትቀመጥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ካነበባችሁ፣ ወይ ቀጣሪዋ መልአክ ነው ወይ ደራሲው አላጣራም።

ቅሬታ አለኝ፤ የቤት ሠራተኛዋ ነገር። በብዙ እንዲህ ያሉ ታሪኮች ስም የላትም፤ “ሠራተኛዋ ቡና አቀረበች” ተብሎ ይታለፋል። የባለታሪኳ ቢሮ መዋል፣ የዓርቡ ምሳ፣ የሰልፉ ጨዋታ ሁሉ በእሷ ጉልበት ነው የሚቆመው። ለበዓል አገሯ ሄዳ ስትቀር መጽሐፉ በሙሉ ይናዳል፣ ደላላ ጋ ሩጫ ይጀመራል፤ ይህ በጣም የሚያስቅ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። ግን ስም ይኑራት፣ የራሷም ፍቅረኛ ይኑራት፣ “እትዬ” እያለች በምትጠራት ሴት ላይ አስተያየት ይኑራት።

ስትገዙ የትኛው ዓመት ላይ እንደተቀመጠም ተመልከቱ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ከተነሡ በኋላ የመሀል ከተማ ልብ ወለድ ዓመቱን ሳይናገር መሄድ አይችልም። “ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ገብተው ሥጋ በሉ” የሚል መጽሐፍ በስንት ዓ.ም. እንደሆነ ካልነገረን፣ ወይ ትዝታ ነው ወይ ግድፈት። ተዳፋቱ ግን አልተለወጠም፤ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቸርችል ጎዳና አሁንም ቁልቁለት ነው፣ ስትመለሱ ዳገት። ልጅ አዝላ ሽቅብ “እየሮጠች” የወጣች ባለታሪክ ካገኛችሁ ጠርጥሩ።

አሮጌ መጽሐፍ ከመንገድ ዳር የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ገጾቹን ፈትሹ። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረዘው 16 ገጽ እየሆነ በሚታጠፍ ወረቀት ነው፤ ሲጎድልም አንድ ገጽ ሳይሆን 16 ገጽ በአንድ ላይ ነው የሚጎድለው፣ አለዚያም ያው 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ይገባል። ከገጽ 16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49 የሚሻገርበትን እያያችሁ ሂዱ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፊደሉ የደበዘዘ፣ የሽፋኑ ቀለም የተንሻፈፈ ከሆነ አስመስሎ የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ደራሲው ከዚያ ሽያጭ ሳንቲም አያገኝም። በፍቅር ልብ ወለድ 16 ገጽ መጉደል ከባድ ነው። ከእርስዎ ወደ አንቺ የተሻገሩት እዚያ ውስጥ ቢሆንስ?

ንባቡን አታስረዝሙት። 240 ገጽ በቀን 20 ቢነበብ 12 ቀን ነው፤ ከዚያ ከዘለለ የጎረቤቶቹ ስም ይጠፋል፣ ቀልዱ ደግሞ ያለው እነሱ ዘንድ ነው።

መጨረሻውን በተመለከተ፣ ሠርግ አትጠብቁ። ሠርግ ድንኳን፣ ሚዜና 300 እንግዳ ይጠይቃል፤ ይህች ሴት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ያላት። ብዙ መዋዕለ ሕፃናት ልጁን ለማንም አይሰጡም። በምዝገባ ጊዜ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ልጁን መውሰድ የሚችል ሰው ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለተኛው መስመር ባዶ ከነበረ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ሰኞ ጠዋት 1:45 ላይ እዚያ መስመር ላይ ስሙን ትጽፋለች። “ዝምድና” የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ይቆማል፣ ከኋላዋ ሰልፍ አለ፣ ጥበቃው “ቶሎ በይ እንጂ” ይላታል፤ ልጁም እንደ ልማዱ ሊፍቱ ለምን እንደቆመ ይጠይቃል።